ማየት ያለ በደል ይሆናልን?

ሰው በእጁ የሚሠራውን ሥራ ብዙ ጊዜ ይመረምራል፤ በዐይኑ የሚሠራውን ግን እምብዛም አይመረምርም። የሰረቀ ይከሰሳል፤ የገደለ ይፈረድበታል፤ የተመለከተ ግን ምን አደረግህ ተብሎ አይጠየቅም። ስለዚህ ዐይን ከእጅ ይልቅ ንጹሕ ነው፥ ማየት የሚታየውን ነገር አይቀንሰውም፥ አይጎዳውምም የሚል አሳብ በብዙ ሰው ልብ ተተክሎ ይገኛል። የቀድሞ ሰዎች ግን ነገሩን እንዲህ ቀላል አድርገው አላዩትም። ዳዊት በኦርዮ ቤት ላይ ያደረሰው በደል የተጀመረው እጁን በዘረጋ ጊዜ ሳይሆን በሰገነቱ ላይ ሆኖ በተመለከተ ጊዜ ነው። ሔዋንም ፍሬውን ከመቅጠፏ አስቀድማ ለዐይን ያማረ መሆኑን አይታ ነበር። እንግዲህ ዐይን የእጅ መሪ ከሆነ፥ ያየው ሁሉ ያለ በደል ያየው ነው ለማለት አይቻልም።

ይህን ጥያቄ በባዶው ከመመርመር ይልቅ አንድ የታወቀ ስፍራ በምሳሌነት ይዞ መመርመር ይሻላል። ምሳሌውም እጅ ቀድሞ ብዙ ደም ያፈሰሰበት፥ አሁን ግን ሰው ዐይኑን ብቻ ይዞ የሚሄድበት ስፍራ ቢሆን ነገሩ የበለጠ ግልጽ ይሆናል። እንዲህ ያለውም ስፍራ በኒው ዚላንድ አገር ይገኛል። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በኒው ዚላንድ ደቡብ ደሴት፥ በምሥራቁ የባሕር ጠረፍ፥ ካይኮራ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ስሟ ከአገሩ ነባር ሕዝብ ከማኦሪዎች ቋንቋ የመጣ ነው፤ «ካይ» መብል ማለት ሲሆን «ኮራ» ደግሞ ክሬይፊሽ የሚባለው ቅርፊታም የባሕር እንስሳ ነው። ከኋላዋ ከፍታቸው ከ2,600 ሜትር በላይ የሚደርስ፥ በብርድ ወራት በረዶ የሚለብሱ ተራሮች ቆመዋል፤ ከፊቷ ሰላማዊ ውቅያኖስ ተዘርግቷል። በድንጋዮቹ ላይ ፀጉራም የባሕር አውሬዎች ተኝተው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ በማዕበሉ ላይ ዶልፊኖች ይዘላሉ፤ አልባትሮስ የሚባለው ክንፈ ረጅም ወፍም ክንፉን ሳያራግብ በነፋሱ ላይ ይንሳፈፋል።

ይህች ከተማ በዓለም የታወቀችበት ምክንያት ግን ከውሃው በታች የተሰወረ ነው። ከባሕሩ ዳር እምብዛም ሳይርቅ የባሕሩ ወለል በድንገት ይወድቅና ጥልቀቱ ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ሸለቆ ይሆናል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚሻገር መንገደኛ የዓባይን ሸለቆ ቁልቁል ባየ ጊዜ ልቡ የሚደነግጥበትን ያን ጥልቀት፥ እስከ አፉ ድረስ ውሃ ሞልቶት ቢያስበው የካይኮራን ባሕር ሊያውቅ ይችላል። በዚያ ጨለማ ውስጥ ምግብ ስለሚገኝ፥ በሌላ አገር ከባሕር ዳር ብዙ ተጕዞ ካልሆነ የማይታየው ታላቁ ዐንበሪ በካይኮራ ለየብስ ቀርቦ ዓመቱን ሁሉ ይታያል።

ዛሬ በተለምዶ ዓሣ ነባሪ የሚባለውን ይህን ፍጥረት የግእዝ መጻሕፍት ዐንበሪ ይሉታል። ሥነ ፍጥረትን የተማረ ሰው በሐሙስ ዕለት ከውሃ ከተገኙት ጋራ ያውቀዋል፤ የነነዌን ጾም የሚጾም ሁሉ ዮናስ በከርሠ ዐንበሪ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ማደሩን በየዓመቱ ይሰማል። ነገር ግን ዐንበሪን በስሙ የሚያውቀው ሰው እጅግ ብዙ ሲሆን በዐይኑ ያየው እጅግ ጥቂት ነው። በካይኮራ የሚታየው ስፐርም ዌል የሚባለው ወገን ነው። ወንዱ ርዝመቱ 16 ሜትር፥ ክብደቱም ከ40 ቶን በላይ ይደርሳል፤ ራሱ ብቻ የሰውነቱን ሢሶ ያህላል። እንደ ዓሣ በጉሮሮ ሽንጥር የሚተነፍስ ሳይሆን እንደ ላምና እንደ ሰው በሳንባ የሚተነፍስ፥ ልጁን ወልዶ ወተት የሚያጠባ እንስሳ ነው። ምግቡን ለመፈለግ ወደ ጥልቁ ሲወርድ ለአርባ ደቂቃና ከዚያም ለበለጠ ጊዜ ትንፋሹን ይይዛል። በታች ብርሃን ስለሌለ፥ እንደ ሌሊት ወፍ ድምፅ እያሰማ የድምፁን መመለስ ሰምቶ መንገዱንና ምግቡን ያገኛል።

ጎብኚ ወደ ካይኮራ በሄደ ጊዜ የሚያደርገው ይህ ነው። ገንዘቡን ከፍሎ በመርከብ ይሳፈራል፤ የመርከቡም አለቃ ድምፅ የሚቀበል መሣሪያ ወደ ውሃው አውርዶ ያዳምጣል። ዐንበሪው በጥልቁ ሳለ ድምፁ እንደ ሰዓት ቆጠራ ይሰማል፤ ድምፁ ባቆመ ጊዜ ወደ ላይ እየወጣ መሆኑ ይታወቃል። መርከቡም ይጠብቃል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደ ግንድ የመሰለ ጥቁር ጀርባ በውሃው ላይ ይታያል፤ ትንፋሹም እንደ ጢስ ወደ ላይ ይረጫል። ለአሥር ደቂቃ ያህል እንዲሁ ተንሳፎ አየር ይስባል፤ ከዚያም ጀርባውን ያጐብጥና ጅራቱን እንደ ሁለት ታላላቅ ክንፎች ከውሃው በላይ አንሥቶ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። የዐንበሪው ሥራ ይህ ብቻ ነው፤ ሰውን ደስ ለማሰኘት ብሎ የጨመረው ነገር የለም።

አሁን የቀድሞውን ነገር መመልከት ያስፈልጋል። በ1840ዎቹ መጀመሪያ ሮበርት ፋይፍ የሚባል ሰው በካይኮራ የዐንበሪ ማደኛ ሰፈር አቆመ። በዚያ ዘመን ከተሠሩት ቤቶች አንዱ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ የቤቱ መሠረት ግን ድንጋይ ሳይሆን የዐንበሪ የጀርባ አጥንት ነው። በዚያን ጊዜ አዳኞች ይልቁን የሚፈልጉት ራይት ዌል የሚባለውን ሌላ ወገን ነበረ። የስሙ ትርጕም «ትክክለኛው ዐንበሪ» ማለት ነው። ይህንም ስም ያገኘው ቀስ ብሎ ስለሚዋኝና ከተገደለም በኋላ ሳይሰጥም ስለሚንሳፈፍ፥ ለማደን ትክክለኛው ይህ ነው ተብሎ ነው ይባላል። ፍጥረት ለመሞት በመመቸቱ ብቻ ትክክለኛ ተብሎ ሲጠራ ማየት የሚያስገርም ነው። እናቲቱ ከግልገሏ ጋራ ወደ የብስ ትቀርብ ነበርና፥ አዳኞች አስቀድመው ግልገሉን መውጋት ልማድ አደረጉ፤ ግልገሏን ጥላ እንደማትሸሽ ያውቁ ነበርና። ፍቅሯን የመያዣዋ ገመድ አደረጉት።

የሚገድሉትም በጥላቻ አልነበረም። ከስቡ የሚወጣው ዘይት በከተሞች ፋኖስ ይበራበታል፤ በስፐርም ዌል ራስ ውስጥ ከሚገኘው ሰም መሰል ቅባት መልካም ሻማ ይሠራል፤ ከአንጀቱ የሚገኘውም ዐንበር ለሽቱ ይውላል። ያ ሻማ የበራበት ቤት ምናልባት መልካም መጽሐፍ ይነበብበት ነበር፤ ያ ሽቱም ለሙሽራ ይሆን ነበር። በደል ብዙ ጊዜ መልኩ እንዲህ ነው፤ ክፉ ፊት ይዞ አይመጣም፥ የሚጠቅም ነገር ይዞ ይመጣል እንጂ።

በ1859 በአሜሪካ በፔንሲልቫንያ የነዳጅ ዘይት ጕድጓድ በተቈፈረ ጊዜ ላምባ የዐንበሪን ዘይት ከፋኖስ አስወጣው። ስለዚህ አንዳንድ ሰዎች ዐንበሪን ያዳነው ላምባ ነው ይላሉ። ነገሩ ግን እንደዚህ አልሆነም። ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ በመድፍ የሚወረወር፥ በገላው ውስጥ የሚፈነዳ ጦር ተሠራ፤ በእንፋሎት የሚሄድ መርከብም ቀድሞ የማይደረስበትን ፈጣኑን ዐንበሪ ደረሰበት። ስቡም ሳሙናና የዳቦ ቅባት ሆነ። በሃያኛው መቶ ዓመት ውስጥ የተገደለው ዐንበሪ ሦስት ሚሊዮን ያህል እንደሚሆን በኋላ የተደረገ ምርመራ አሳይቷል። እንግዲህ ሰው አንዱን ጥቅም በሌላ ጥቅም ሲተካ እጁ አያርፍም፤ ሌላ ሥራ ይፈልጋል እንጂ።

በኒው ዚላንድ የመጨረሻው ዐንበሪ በጦር የተወጋው በዚያው በካይኮራ ባሕር በታኅሣሥ 1964 ነው። የቆመውም አዳኞች ስለራሩ አይደለም፤ የሚታደነው ስለተመናመነና ድካሙ ከትርፉ ስለበለጠ ነው። ዐንበሪን የሚጠብቅ ሕግ በዚያ አገር የወጣው በ1978 ነው፤ ከአዳኙ እጅ ጦሩ ከወደቀ ከ14 ዓመት በኋላ ማለት ነው። የዓለም መንግሥታትም በ1946 ዐንበሪ አደንን ለመቈጣጠር በዋሽንግተን ውል ተፈራርመው ነበር፤ ለንግድ የሚደረገው አደን እንዲቆም የቈረጡት ግን በ1982 ሲሆን ቍርጡም የጸናው በ1986 ነው።

ከጦር ወደ ዐይን የተሻገሩት ሰዎች ታሪክም መነገር ይገባዋል። በካይኮራ የሚኖሩት ማኦሪዎች ንጋይ ታሁ ከሚባለው ነገድ ወገን ንጋቲ ኩሪ የሚባሉት ናቸው። ፓይኬያ የሚባል አባታቸው በዐንበሪ ጀርባ ላይ ሆኖ ከባሕር ሞት እንደዳነ በቀድሞ ትውፊታቸው ይነገራል። በ1859 የእንግሊዝ መንግሥት ሹሞች ከ2 ሚሊዮን ኤከር በላይ የሚሆነውን የዚያን አገር መሬት በ300 ፓውንድ ገዙአቸው፤ ባለአገሩም በገዛ አገሩ ጭሰኛ መሰለ። በ1980ዎቹ ደግሞ መንግሥት በምድር ባቡር ሥራ የሚያገለግሉትን ሰዎች በቀነሰ ጊዜ፥ በዚያ ሥራ ይኖሩ የነበሩት ብዙ ቤተ ሰቦች እንጀራቸው ተቈረጠ። በዚህ ጊዜ ጥቂት ቤተ ሰቦች ቤታቸውን በወለድ አገድ አስይዘው ገንዘብ ተበደሩ፤ በ1987ም በአንዲት ትንሽ በአየር የምትነፋ ጀልባ እንግዳ እየጫኑ ዐንበሪ ማሳየት ጀመሩ። ዛሬ ማኅበራቸው ታላቅ ሆኗል፤ ከተማይቱም በእርሱ ትኖራለች።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ቀድሞ ለመግደል ከሚከፍለው ሰው ይልቅ ዛሬ ለማየት የሚከፍለው ሰው በእውነት የተሻለ ነውን? ወይስ የጥቅሙ መልክ ብቻ ተለወጠ?

በተመልካቹ ላይ የሚቀርበው የመጀመሪያው ክስ እንዲህ ይላል። የማይቻለውን የተወ ሰው ትቶታል አይባልም፤ ዐንበሪ ባለቀ ጊዜ ከአደን መቆም ጥርሱ የረገፈ ጅብ ሥጋ ተውሁ እንደማለት ነው። ደግሞም ድመት መንኵሳ ዐመሏን አትረሳ እንደሚባለው፥ ነገ ዐንበሪ በበዛ ጊዜና ሥጋው በተወደደ ጊዜ ሰው ወደ ጦሩ ይመለሳል።

ይህ ክስ ከፊሉ እውነት ነው። ነገር ግን የመልካም ሥራን መጀመሪያ ብቻ መርምሮ ፍጻሜውን መተው ትክክለኛ ፍርድ አይደለም። አርስጣጣሊስ እንዳስተማረው፥ ሰው ጻድቅ የሚሆነው የጽድቅን ሥራ ደጋግሞ በመሥራት ነው፤ ልማድ ሥራን ይከተላል፥ ጠባይም ልማድን ይከተላል። በችግር ምክንያት ጾም የጀመረ ሰው ጥጋብ በመጣ ጊዜ ወዶ ቢጾም፥ ያ ፊተኛው ችግር መምህሩ ሆነ እንጂ ውርደቱ አልሆነም። ይልቁንም በካይኮራ ይህ ሥራ ከተጀመረ ወዲህ የተወለደ ልጅ ዐንበሪን ሲያውቀው በስሙ ለይቶ የሚጠራው ጎረቤት አድርጎ ነው። ለእርሱ ጦር የአያቶች ወሬ ነው። ስለዚህ አባት በግድ የተወውን ልጅ በፍቅር ሊተወው ይችላል። ምሕረት በአንድ ትውልድ ባትፈጸም በሁለት ትውልድ ልትፈጸም ትችላለች።

ሁለተኛው ክስ ከዚህ የጠነከረ ነው። ማየትን መሸጥ ፍቅርን መሸጥ ነው፤ ገንዘብ የሚያስገኝን ነገር መጠበቅ ላሙን የሚቀልብ ነጋዴ ከሚያደርገው አይበልጥም ይላል። ለዚህ ማስረጃ ይሆን ዘንድ አንድ ልማድ ይጠቀሳል። በካይኮራ ዐንበሪ ሳያይ ለተመለሰ ሰው ከከፈለው ገንዘብ 80 በመቶው ይመለስለታል። በንግድ ሕግ ይህ ታማኝነት ነው፤ ያልተሰጠ ዕቃ ዋጋው ይመለሳል። ነገር ግን ጎብኚው ከዚህ ልማድ ሌላ ትምህርት ሊማር ይችላል፤ እርሱም ዐንበሪው ለመታየት ባለዕዳ ነው፥ ባይታይም ዕዳውን አልከፈለም የሚል ነው። ገንዘብ የከፈለ ሰው ትዕግሥቱ ያጥራል፤ ትዕግሥቱ ያጠረ ሰው ደግሞ ቅረብ፥ ጨምር፥ አሳየኝ ይላል። ገዢው ቅረብ ባለ ጊዜ ሻጩ እንቢ ለማለት ይቸገራል።

ለዚህ ክስ የሚሰጠው መልስ ገንዘቡን በመንቀፍ አይገኝም። ቤታቸውን አስይዘው ሥራ የጀመሩትን ድኾች በገንዘብ ሠራችሁ ብሎ መውቀስ፥ ጠግቦ የሚኖር ሰው የተራበውን ስለ መብል እንደመውቀስ ይሆናል። መሬታቸው በ300 ፓውንድ ለሄደባቸው ሰዎች ባሕሩ ሳይገደል እንጀራ ሆኖ መገኘቱ በረከት ነው። ሠራተኛ ዋጋው ይገባዋል፤ ካህንም ከመሠዊያው ይበላል፤ ይህ ግን መሠዊያውን ለመሸጥ ፈቃድ አይሆነውም። እንግዲህ የሚመረመረው ነገር ገንዘብ መኖሩ ሳይሆን ገንዘብ የማይሻገረው ወሰን መኖሩ ነው። ወሰን ያለው ንግድ ሥራ ነው፤ ወሰን የሌለው ንግድ ሌላ ስም የተሰጠው አደን ነው።

በዚያ አገር ይህ ወሰን ተጽፏል። በ1992 በወጣው ደንብ መርከብ ከዐንበሪ ከ50 ሜትር በታች እንዳይቀርብ፥ በ300 ሜትር ውስጥም ከሦስት መርከብ በላይ እንዳይገኝ፥ ቀስ ብሎም እንዲሄድ፥ መንገዱንም እንዳይዘጋበት ታዝዟል። እነዚህ ቍጥሮች ደረቅ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ከብዙ ስብከት የበለጠ ነገር ይናገራሉ። 50 ሜትር ማለት በጦርና በዐይን መካከል ያለው ልዩነት በሜትር ሲለካ ማለት ነው። ለአዳኝ ርቀት የሚሸነፍ ጠላት ነው፤ ለተመልካች ግን ርቀት የሚጠበቅ ክብር ነው። ንጉሥ ፊት የሚቆም ሰው እጅግ አይቀርብም፤ መቅደስ የሚሳለም ሰው መጋረጃውን አይገልጥም። ማክበር ሁሉ የራሱ እልፍኝና የራሱ ደጅ አለው።

ሦስተኛው ክስ ደግሞ ወሰኑ ቢጠበቅም ማየቱ ራሱ ይጎዳል የሚል ነው። ይህም በባዶ የተነገረ አይደለም። በካይኮራ ዐንበሪዎችን ለዓመታት የመረመሩ ሊቃውንት በ2006 ባወጡት ጽሑፍ መርከብ አጠገቡ ሲኖር የዐንበሪው አተነፋፈስ በጥቂቱ እንደሚለወጥ፥ ከጠለቀም በኋላ የመጀመሪያውን ድምፅ የሚያሰማበት ጊዜ እንደሚለይ ገልጠዋል። ለውጡ ጥቂት ነው፤ በዚያ ስፍራ የሰነበቱት መርከብን ሲለምዱ እንግዳ ሆነው የሚያልፉት ግን ይልቁን ይታወካሉ። ከ1990 ወዲህም በዚያ ባሕር የሚታየው የዐንበሪ ቍጥር እየቀነሰ እንደሄደ ታውቋል፤ ለዚህም ምክንያት ተብሎ የሚጠረጠረው የመርከብ ነገር ብቻ አይደለም፥ የባሕሩም መለወጥ አለበት እንጂ።

በኅዳር 14 ቀን 2016 የደረሰው ነገር ይህን በጣም ግልጽ አደረገው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ በልኩ 7.8 የሆነ የምድር መንቀጥቀጥ ያን አገር መታው፤ ሁለት ሰዎች ሞቱ፥ መንገዱና የባቡሩ ሐዲድ ተቈረጠ፥ የባሕሩም ዳርቻ በአንዳንድ ስፍራ በሜትሮች ከፍ ብሎ ወጣ። የመርከቦቹ ማረፊያ ውሃው ጐደለበት፤ እንግዳም መምጣቱን አቆመ። ከውሃው በታች ደግሞ ጭቃና ድንጋይ እንደ ናዳ ወርዶ የጥልቁን ሸለቆ ወለል ጠርጎ ወሰደው። ከዚህ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ዐንበሪዎች በውሃው ላይ የሚቆዩበት ጊዜ ረዘመ፥ ምግብ የሚፈልጉበትም ስፍራ ተለወጠ፤ ይህም ምግባቸውን ለማግኘት የበለጠ እንደ ደከሙ አሳየ። ጎብኚ በዚያ ወራት ዐንበሪው በውሃው ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ሲቆይ ቢያይ፥ ዛሬ ዕድለኛ ነኝ ብሎ ደስ ይለው ነበር። የእርሱ ደስታ የዐንበሪው ድካም ነበር። ዐይን ያየው አንድ ነገር ነው፤ ያየው ነገር ትርጕም ግን ሌላ ነው። ሳያውቅ የሚያይ ሰው ብዙ ጊዜ በሌላው ጭንቀት ይደሰታል።

በዚህ ላይ ዛሬ የማይካድ ሌላ ነገር ይጨመራል። ከአውሮፓ እስከ ኒው ዚላንድ ያለው መንገድ 18,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎብኚው ያን ሁሉ መንገድ በአውሮፕላን ሲሄድ የሚቃጠለው ነዳጅ ጢሱ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ ሰማዩም ይሞቃል፥ ባሕሩም ይሞቃል፤ ባሕሩ ሲሞቅ በጥልቁ ያለው ምግብ ይናወጣል። ቀድሞ የዐንበሪ ዘይት በፋኖስ ይነድ ነበር፤ አሁን ዐንበሪን ለማየት ሲባል ሌላ ዘይት ይነዳል። ስለዚህ ከመርከቡ እስከ ዐንበሪው ያለው 50 ሜትር በጥንቃቄ ቢጠበቅም፥ ከቤቱ እስከ መርከቡ ያለው 18,000 ኪሎ ሜትር ሒሳብ ይጠይቃል።

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ፥ እንግዲያስ ሰው ከቤቱ አይውጣ፥ ዐይኑንም ይክደን ማለት ነውን? አይደለም። ሰው ያላየውን ነገር ለመውደድ ይቸገራል፤ ያልወደደውንም ለመጠበቅ አይተጋም። ዐንበሪን በብዛት የገደሉት ሰዎች ከሞቱ ግማሹ እንኳ በአጠገባቸው አልሆነም፤ በለንደንና በኒው ዮርክ ሻማውን ያበሩት ሰዎች ዐንበሪን አንድም ቀን አላዩም ነበር። ያ አለማየት ንጹሓን አላደረጋቸውም፥ ይልቁንም ዕረፍት ሰጣቸው እንጂ። በ1970 የዐንበሪ ዜማ በሸክላ ተቀርጾ በወጣ ጊዜ ብዙ ሺሕ ሰው የማያየውን ፍጥረት ድምፅ ሰምቶ ልቡ ተነካ፤ አደኑ እንዲቆም ለተደረገውም ክርክር ብርታት ሆነ። በካይኮራም በ2005 ባለአገሮቹ፥ ዓሣ አጥማጆቹና የከተማው ሰዎች ባንድነት ተቀምጠው ስለ ባሕራቸው መምከር ጀመሩ፤ ከብዙ ምክር በኋላ በ2014 ባሕሩን የሚጠብቅ ሕግ ወጣ፥ ለዐንበሪም የተለየ መጠጊያ ስፍራ ተከለለ። ይህን ያደረገው በመጀመሪያ ያየ ዐይን ነው።

እንግዲህ ፍርዱ በሁለት ነገር መካከል ይቆማል። ማየት ያለ በደል ይሆናልን ለሚለው ጥያቄ መልሱ በራሱ አይሆንም፤ ሊደረግ ግን ይችላል የሚል ነው። ማየት ንጹሕ የሚሆነው ተመልካቹ ሦስት ነገሮችን በፈቀደ ጊዜ ነው። አንደኛ፥ ርቀቱን ወዶ ሲጠብቅ፤ ሕግ ስላዘዘው ብቻ ሳይሆን መቅረብ የሚቻል በሆነበት ሰዓት እንኳ አለመቅረብን እንደ ክብር ሲቈጥረው። ሁለተኛ፥ ሳያይ መመለስን ሲቀበል፤ ዐንበሪው ለማንም ባለዕዳ አይደለምና፥ ባይታይ ባሕሩ ባዶ ሆነ ሳይሆን ባሕሩ የራሱ ጌታ አለው ብሎ ሲመለስ። ሦስተኛ፥ አይቶ ከተመለሰ በኋላ በቤቱ የሚለውጠው ነገር ሲኖር፤ ምንም የማይለውጥ ማየት ፍጥረትን እንደ ቅመም በልቶ ማለፍ ነውና።

ከእነዚህ ሦስቱ ሁለተኛው ይከብዳል። ርቀትን መርከበኛው ሊያስጠብቅ ይችላል፤ ቤቱንም ሕሊናው ሊያሳስበው ይችላል። ሳያይ መመለስን ግን ማንም ሊያስገድደው አይችልም፥ እርሱ ራሱ በልቡ ካልፈቀደ በቀር። ገንዘቡ ቢመለስለት እንኳ ቅሬታው አይመለስለትም። የሚወድና የሚመኝ ሰው ተለይተው የሚታወቁት በዚህ ነው። የሚመኝ ሰው ያላገኘውን ይቈጥራል፤ የሚወድ ሰው ግን የወደደው ነገር እርሱ በሌለበት ስፍራ በሰላም መኖሩን በሰማ ጊዜ ደስ ይለዋል።

የዮናስ መጽሐፍ በየዓመቱ ሲነበብ ብዙ ሰው ልቡ በዐንበሪው ሆድ ላይ ይቀራል፤ የመጽሐፉ ፍጻሜ ግን በዚያ አይደለም። በነነዌ ከሰዎች ጋራ እንስሶቹም ጾሙ፤ በመጨረሻም እግዚአብሔር ዮናስን ስለ ከተማይቱ ሲገሥጸው ከሕፃናቱ ጋራ እንስሶቹንም ቈጠረ። መጽሐፉ ያለቀው በጥያቄ ነው፥ መልሱም አልተጻፈም። ዮናስ በዐንበሪው ሆድ ሳለ ጨለማ ነበረና ያየው ነገር አልነበረም፤ ዐንበሪው ግን ታዝዞ ተሸክሞት፥ ታዝዞ ተፋው፥ ከእርሱም ዋጋ ሳይጠይቅ ወደ ጥልቁ ተመለሰ። ሰው ከዐንበሪ ጋራ ባለው ሒሳብ ባለዕዳው ማን እንደሆነ ከዚህ ማወቅ ይቻላል።

ስለዚህ ወደ ካይኮራም ቢሆን ወደ ሌላ የባሕር ዳርቻ የሚሄድ ሰው ከመሳፈሩ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ዛሬ አየው ይሆን ብሎ አይደለም። ባላየው ምን ዐይነት ሰው ሆኜ እመለሳለሁ ብሎ ነው። ይህን ጠይቆ በሰላም ሊመልስ የሚችል ሰው ዐይኑን ከጦር ለይቶታል።